ሁለተኛው ቁልፍ የታለ?

ነቀምቴ ላይ የጠፋ የመኪና ቁልፍ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። የምቀልድ የመሰለው ሰው ካለ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ዘመናዊ መኪና ይዞ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ይሂድና ያንኑ ቁልፍ ይጣለው። መሪው ተቆልፏል። ማርሹ ከቆመበት አይነቃነቅም። መስኮት ሰብሮ መግባት ይቻላል፤ ገብቶ ግን ከመቀመጥ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። ድሮ ቢሆን የሰፈሩ መካኒክ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ያስነሣው ነበር። ዛሬ ሽቦውን ሁሉ ቢያገናኘው ሞተሩ ዝም ነው። ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ መኪናው ሎቤድ ላይ ተጭኖ፣ ከነቀምቴ ብቻ እንኳን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ወይ ደግሞ ባለሙያው የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡና "ለድካሙ" ተብሎ የሚጨመረው ሁሉ በባለመኪናው ነው። እሱም መንገዱ ሰላም ከሆነ ነው እንግዲህ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት ይህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአገሬው ሰው ያውቀዋል።

ስንት ሚሊዮን ብር የወጣበት መኪና፣ ከክብሪት ሳጥን በማትበልጥ አንዲት ፕላስቲክ ምክንያት ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሰው ይህን ሲያይ "የዘመኑ መኪና እንዲህ ነው" ይላል፤ ነገሩን ለዘመኑ ትቶ ይሄዳል። እኔ ግን ሁሉንም ነገር በዘመን ላይ ማላከክ አይዋጥልኝም። የዚህች ቁልፍ ነገር ስለ መኪና ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ስለ አገዛዛችን (ዕቃ ስለምንገዛበት ማለቴ ነው)፣ ስለ ሙያችንና ስለ መተማመናችን የሚናገር ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቁልፏን እንደ አንድ ጽሑፍ ላንብባት።

እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሆነች እንግባባ። ቁልፍ ማለት ጥርስ ያለው ብረት የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ዛሬም በየከተማው ገበያ ዳር ቁልፍ ቀራጭ አለ። ዋናውን ከአንድ ወገን፣ ጥሬውን ብረት ከሌላ ወገን አስሮ በማሽን ይስለዋል፤ በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ "ሂድና ሞክረው፣ ካልሠራ መልሰህ አምጣው" ይላል። ምስጢሩ ያለው ብረቱ ላይ ነው፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነገሩ ተለወጠ። በአውሮፓ የመኪና ስርቆት ስለበዛ ፋብሪካዎቹ በቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ቺፕ ይቀብሩ ጀመር። ቺፗ ባትሪ የላትም። ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ ካለው ጥቅል ሽቦ ጉልበት ታገኝና ማንነቷን ትናገራለች። የመኪናው ኮምፒውተር ካወቃት ሞተሩ እንዲነሣ ይፈቅዳል፤ ካላወቃት ብረቱ ቢዞርም ዋጋ የለውም። ኢሞቢላይዘር የሚሉት ይህንን ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ይህ እንዲኖረው አስገድዳለች፤ ካናዳም በ2007 ተከትላለች። በዚያው በ1990ዎቹ ማብቂያ እነመርሴዲስ አንድ እርምጃ ጨመሩና ቁልፉ ከኪስ መውጣቱ ቀረ። ባለቤቱ ሲቀርብ መኪናው በዝቅተኛ ሞገድ "ማነህ?" ይላል፤ ኪስ ያለው ቁልፍ በራሱ ሞገድ "እኔ ነኝ" ብሎ ይመልሳል። ጥያቄውም መልሱም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የትናንቱን የሰማ ሰው ዛሬ አይጠቀምበትም። ስማርት ቁልፍ ማለት ይኸው ነው።

የቅኔ ሰው ቢያየው "ሰምና ወርቅ ነው" ማለቱ አይቀርም። ብረቱና ፕላስቲኩ ሰም ነው፤ ወርቁ በውስጡ የተቀበረው ምስጢር ነው። ቁልፍ ቀራጩ ሰሙን አሳምሮ ይገለብጠዋል፤ ወርቁ ግን እጁ ላይ የለም። ለዚህ ነው ተቀርጾ የመጣው ብረት በሩን ከፍቶ ሞተሩን ማስነሣት የሚያቅተው።

ወርቁን ለመኪናው ማስተዋወቅ ነው "ፕሮግራም ማድረግ" የሚባለው። ከመሪው በታች ያለው ሶኬት ላይ መሣሪያ ይሰካና "ይህንንም ከቤተሰብ ቁጠረው" ተብሎ ለኮምፒውተሩ ይነገረዋል። አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ ካለ፣ በብዙዎቹ መኪኖች ሌላ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የቆየው ለአዲሱ ዋስ ይሆነዋል። ሁሉም ከጠፉ ግን መኪናው የሚያምነው ምስክር አጣ ማለት ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች መሣሪያው ተሰክቶ 16 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ግድ ይላል፤ ሌባ ያን ያህል አይታገሥም ከሚል ሐሳብ ይመስለኛል። ከመርሴዲስ ብዙዎቹ ዘንድ ደግሞ ትክክለኛው መንገድ አንድ ነው፤ የባለቤትነት ማስረጃ ቀርቦ፣ ለዚያ ሻንሲ ቁጥር ተብሎ የተዘጋጀ ቁልፍ ከራሱ ከፋብሪካው ይመጣል። ወደ ፋብሪካው ኮምፒውተር በኢንተርኔት ካልተገናኙ በቀር አዲስ ቁልፍ የማይቀበሉም አሉ። እዚህ ላይ የወለጋ ሰው በሐዘን ፈገግ ይላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሰው ከልጁ ጋር መነጋገር ባልቻለበት በዚያ ሦስት ወር መኪናው ከጀርመን ጋር ይነጋገር ማለት ቅንጦት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ቆልፉን የፈጠሩትን ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ ያለምክንያት አልመጣም። አሜሪካ ውስጥ በ2015 ሞዴሎች ላይ በተደረገ ቆጠራ፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎች 96 በመቶ ለሚሆኑ መኪኖቻቸው ኢሞቢላይዘር ሲያስገቡ ሀዩንዳይና ኪያ 26 በመቶ ላይ ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021ና በ2022 ታየ፤ ጎረምሶች ያንን ክፍተት አወቁና በየከተማው የሁለቱን ፋብሪካዎች መኪኖች እያስነሡ ይነዱ ገቡ። በሌላ በኩል ደግሞ ቆልፉ ብቻውን እንደማያድን የታየበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን ላይ የአንድ የመኪና ደኅንነት ተመራማሪ ራቭ4 ተሰረቀ። ሌቦቹ ቁልፍም አልፈለጉ፤ በፊት መብራቱ በኩል ያሉትን ሽቦዎች አግኝተው መኪናውን በሐሰት መልእክት አታለሉት። እንግዲህ ቆልፍም ሌባም አብረው ያድጋሉ። መሐል ላይ የሚቀረው ቁልፉ የጠፋበት ባለንብረት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ቃላችንን ተመልከቱት። በአማርኛ "ቁልፍ" ያልነው "ቆለፈ" ከሚለው ነው። ነገሩን የሰየምነው በመዝጋቱ ነው። የሸሚዙም ቁልፍ ነው፣ የበሩም ቁልፍ ነው፣ የሚጫኑትም ቁልፍ ነው። ስለዚህ ዘመናዊ መኪና የገዛን ሰው "ቁልፉን ኪስህ አድርግና ቁልፉን ተጫን" ብንለው ግራ ሊገባው ነው። ግእዙ ግን "መርኆ" ይለዋል፤ "አርኀወ" ከሚለው የመጣ ነው፤ ከፈተ ማለት ነው። ኦሮምኛው "ፉርቱ" ይለዋል፤ "ፉሩ" መፍታት ነው፤ መፍትሔም ከዚያው ወጥቶ "ፉርማታ" ይባላል። አንዱ በመክፈቱ፣ አንዱ በመፍታቱ ሲጠሩት እኛ በመቆለፉ ጠራነው። ቋንቋ ላይ እንዲህ ያለ ትርጓሜ መደርደር አደጋ እንዳለው አውቃለሁ። ቃል ጠባይ አይሆንም። ግን ጠባያችንን ሳየው ቃሉ የተስማማው ይመስለኛል።

ቀድሞ ቁልፍ የት ነበር የሚቀመጠው? በእመቤቲቱ መቀነት ላይ አልነበረም? የጎተራው፣ የሳጥኑ፣ የጓዳው ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይውላል። ማን እንደያዘው ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የሚያየው ግን የለም። ዛሬ ነቀምቴም ሆነ አዲስ አበባ ካፌ ግቡና ጠረጴዛውን እዩት። ማኪያቶው ሳይመጣ በፊት ቁልፉ ይመጣል። ምልክቱ ወደ ላይ ተደርጎ፣ ወደ እንግዳው ዞሮ ይቀመጣል። ባለቤቱ ስሙን ሳይናገር ቁልፉ ይናገርለታል። የ"ቪ8" ቁልፍ ከሆነ አስተናጋጁም አረማመዱን ያስተካክላል። መቼም ይህ የሰው ነገር ነው፤ አልፈርድም። የሚገርመኝ ግን ቁልፉን ለእይታ የሚያወጣው ያው ሰው "ሁለተኛው የት አለ?" ሲባል "አንድ ነው የመጣው" ማለቱ ነው። የሚኮራበት ነገር ተቀዳ የለውም። ቢጠፋ ኩራቱም አብሮ እንደሚቆም አላሰበውም።

አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚመጣ መኪና ብርቅ አይደለም። ከዱባይም ይምጣ ከአውሮፓ፣ በስንት እጅ አልፎ፣ በስንት ደላላ ተዳስሶ ነው እጃችን የሚገባው። ሁለተኛው ቁልፍ በአንዱ መሳቢያ ቀርቷል። ስንገዛ የምናደርገውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎማውን በእግራችን እንመታለን። ቀለሙን በጎን እናየዋለን። ሊብሬውን፣ ቦሎውን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን እናመሳክራለን። ውል ስንጽፍ ጠበቃ እስከ መጥራት እንደርሳለን። "ሻጭ ይህን ያህል ቁልፍ አስረክቧል" የሚል መስመር ያለበት ውል ግን እስካሁን አላየሁም። ይህ ለመጥፋት ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ያ ያልመጣው ሁለተኛ ቁልፍ ያለ ቦታ አለ፤ መኪናውም እስካሁን ያውቀዋል። ባለሙያ መሣሪያውን ቢሰካ በብዙ መኪኖች ላይ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ ያያል፤ የሌሉትንም መሰረዝ ይችላል። ቤት የገዛ ሰው ጓጉንቸሩን ይቀይራል። መኪና የገዛ ግን የማያውቀው ሰው ቁልፍ ይዞ እየዞረ እሱ "ሰላም ነኝ" ብሎ ይተኛል።

ነቀምቴ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት አግኝቻለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ከንግግሩ ታዩታላችሁ።

"ጋሼ፣ ሰው እኔን በሁለት ዓይን ነው የሚያየኝ" አለኝ። "ቁልፉ የጠፋበት ዕለት 'ኢንጂነር' ይለኛል። በሳምንቱ የሆነ ሰፈር መኪና ጠፋ ከተባለ ደግሞ መጀመሪያ ስሜ የሚነሣው እኔ ነኝ።"

"የት ተማርከው?" አልኩት።

ሳቀ። "ማን ያስተምራል ብለው ነው? አዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ዘንድ ስምንት ወር ረዳት ነበርኩ። ክሩስኮት መፍታት የእኔ ነው፣ ሽቦ መያዝ የእኔ ነው፣ ቡና ማስመጣት የእኔ ነው። ኮዱ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ 'አንተ፣ ዞር በል' ይለኛል። ዞር እላለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ዞር ስል ነው የከረምኩት።"

ከዚያ በኋላ ከሚናለሽ ተራ የተጋጩ መኪኖች ኮምፒውተር በርካሽ እየገዛ፣ ጠረጴዛ ላይ ከባትሪ ጋር እያገናኘ፣ እያቃጠለም እያዳነም ራሱን አስተማረ። ቶዮታን አሁን ይደፍራል። መርሴዲስና ሬንጅ ሮቨር ሲመጣበት "ይህ የእኔ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ይውሰዱት" ይላል። አለማወቁን የሚናገር ባለሙያ ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አጫወተኝ። ከጊምቢ መንገድ አንድ የቡና ነጋዴ ይደውልለታል። መኪናው "ቁልፍ አላየሁም" እያለ አልነሣ ብሎታል፤ ወደ አዲስ አበባ ለመጫን ለሎቤድ ቀብድ ከፍሏል። ልጁ በስልክ "ቁልፉን ራሱን ማስነሻው ላይ አስጠግተው ይጫኑ" አለው። ሞተሩ ተነሣ። የጠፋ ነገር አልነበረም፤ በቁልፏ ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ነበር ያለቀችው። ባትሪዋ ብታልቅም ቺፗ ከቅርብ ትነበባለች። በሩ እንቢ ቢል እንኳን ከብዙዎቹ ስማርት ቁልፎች ሆድ ውስጥ የምትመዘዝ ትንሽ ብረት አለች። ይህ ሁሉ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ ግን ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እኛ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ስናሳይ መጽሐፉን አልከፈትነውም።

ከዚያ ልጁ አንድ ደብተር አሳየኝ፤ ተማሪ የሚይዘው ተራ ደብተር ነው። በእጅ የተሰመረ ሰንጠረዥ አለው። ቀን፣ ታርጋ፣ ሻንሲ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። ሊብሬና መታወቂያ ካልተመሳከረ አይሠራም። ሹፌር ብቻውን ከመጣ ባለቤቱን አስደውሎ ያነጋግራል።

"ሕግ አስገድዶህ ነው?" አልኩት።

"ሕግማ ቢኖር በምን ዕድሌ! ፖሊስ የጠየቀኝ ቀን የማሳየው ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ነው" አለኝ።

ልብ በሉልኝ። ይህ የተማሪ ደብተር ነው በዚያ ሠፈር ለዚህ ሙያ የተጻፈው ደንብ። የመኪናውን በር ሁሉ መክፈት የሚችል እውቀት እጁ ላይ አለ፤ የሚይዘው ግን ሕሊናውና አንድ ደብተር ብቻ ነው። እሱ ሕሊና ስላለው አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ባይኖረውስ? መሣሪያውን መግዛት ደብተር ከመያዝ ይቀላል።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንደያዘው ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ቁልፍ ሠሪው ማንነቱ ተጣርቶ በመዝገብ ይገባል። ኮዱን ከፋብሪካው ሲጠይቅ በስሙ ይጠይቃል፤ የማንን መኪና፣ በማን ፈቃድ እንደሠራም ማስረጃ ይይዛል። ስርቆት ቢፈጠር ክሩ ተመልሶ ይጎተታል። የማሳቹሴትስ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ፋብሪካዎች ለራሳቸው ነጋዴ የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለገለልተኛውም ጋራዥ በተገቢ ዋጋ እንዲሰጡ አስገድዳለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። እውቀቱን ክፈተው፣ የሚይዘውን ሰው ግን እወቀው። እኛ የያዝነው የዚህን ተቃራኒ ነው። እውቀቱን ቆልፈነዋል፤ የሚይዘውን ሰው አናውቀውም።

"ዞር በል" የሚለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያመኛል። ይህ የቁልፍ ሠሪው ብቻ አይደለም። ሸማኔውም፣ አንጥረኛውም፣ መድኃኒት ቀማሚውም ሙያውን ከልጁ በቀር ለሌላ አያሳይም ሲባል አድገናል። ለዚያ ለድሮው ምክንያት አለው። ባለሙያውን እየናቀ የሚያስርበው ኅብረተሰብ ውስጥ ምስጢሩ እንጀራው ነበር። የዛሬው የመኪና ባለሙያ ግን የሚደብቀው አያቱ የፈለሰፉትን አይደለም፤ ከቻይና ተገዝቶ የመጣ መሣሪያ ላይ የትኛው ትእዛዝ እንደሚጫን ነው። መቼ ይሆን ዋጋችን ሌላው ባለማወቁ ላይ መመሥረቱ የሚያበቃው?

ይህን በነቀምቴ መጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። ኦኔሲሞስ ነሲብ የኖሩባትና እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉባት ከተማ ናት። በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡት፣ ምፅዋ ላይ ነጻ የወጡት ሰው ፊደል ሲገባቸው "ዞር በሉ" አላሉም። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1899 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አወጡ፤ ከዚያም ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። ያገኙትን ቁልፍ አባዝተው ለሌላው ሰጡ ማለት ነው። በዚያች ከተማ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አንድ ወጣት ሙያ ለመማር ስምንት ወር ጀርባውን ሰጥቶ መቆሙ የሚያስቆጭ ነገር ነው።

"ለባለሀብት ቁልፍ ማን ይጨነቃል?" የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት አለው፤ ዳቦ ላጣ ሰው የላንድክሩዘር ቁልፍ ምኑ ነው? ነገር ግን ቺፕ ያለበት ቁልፍ የባለሀብት ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ታክሲው ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ውስጥ፣ አምቡላንሱ ውስጥም አለ። ከገጠር ጣቢያ ወላድ ሊያመጣ የወጣ አምቡላንስ አንድ ቁልፍ ብቻ ቢኖረውና ያ ቁልፍ ወንዝ ቢገባ፣ ነገሩ የቅንጦት አይሆንም። ሁለተኛውን ቁልፍ ንብረት ክፍል ካዝና ውስጥ ከቆለፈና የካዝናውን ቁልፍ ይዞ ለስብሰባ ከሄደ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም እግዚአብሔር ይሰውረን።

ደግሞስ ወደፊት እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይመጣም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪኩ መኪና ቁልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ባንክ ካርድ ያለች ቀጭን ካርድ ናት፤ ወይ ስልኩ ራሱ ቁልፍ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ ተጭኖ የመጣ ከሆነ አፕሊኬሽኑ ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የመኪናው ሊብሬ በእርስዎ ስም ነው፤ አፕሊኬሽኑ የሚያውቀው ግን የማያውቁትን ሰው ነው። ትናንት ቁልፉ 330 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ነገ ባሕር ተሻግሮ ሊቀመጥ ነው።

ምን ይደረግ? ተአምር አያስፈልግም። አስመጪው ሁለት ቁልፍና ከመኪናው ጋር የመጣ የኮድ ካርድ ካለ እሱን ጨምሮ እንዲያስረክብ ይገደድ። የሽያጭ ውል ላይ የቁልፍ ብዛት አንድ መስመር ይሰጠው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የመኪና ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ ይህንንም ያስተምሩ፤ በግልጽ፣ ማንንም "ዞር በል" ሳይሉ። ሙያው ፈቃድና መዝገብ ይኑረው፤ ያ የተማሪ ደብተር ማኅተም ያለው መዝገብ ይሁን። ያን ጊዜ የነቀምቴው ልጅ በሌባ ዓይን አይታይም፤ ሌባውም በባለሙያ ስም አይነግድም። የደምቢ ዶሎው ሰውም ለአንዲት ቺፕ ብሎ መኪናውን ሎቤድ ላይ አይሰቅልም።

ሕጉ እስኪወጣ ግን የእኛ ድርሻ በእጃችን ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ያላችሁ ሰዎች፣ ያ አንዱ በእጃችሁ እያለ፣ ዋሱ በሕይወት እያለ፣ ሁለተኛውን አሠሩ። ዛሬ የደቂቃዎች ሥራ የሆነው ነገር እሱ የጠፋ ዕለት የሳምንት መከራ ነው። ሁለተኛውንም ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ማንጠልጠያ አታንጠልጥሉት፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁና ነው። ልትገዙ የሄዳችሁ ደግሞ ጎማውን ከመምታታችሁ በፊት ሻጩን ዓይኑን እያያችሁ "ሁለተኛው ቁልፍ የታለ?" በሉት። "የለም" ካላችሁ ዋጋውን ከዚያ ጀምራችሁ ቀንሱ። ሌላው መክፈት የሚችለውን፣ እናንተ ግን ቢዘጋባችሁ የማትከፍቱትን ነገር ነው እየሸጠላችሁ ያለው።